የዘጌው ድንጋይ፦ የእንጀራ ዓይን ወይስ የደንገል?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ዘጌ ሄጄ ነበር። ከጀልባ መውረጃው አለፍ ብለን አንዲት ተማሪ ከውኃው ዳር ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አነሣች። መላው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ቅርጹ ወደ ታች እየጠበበ ዋንጫ ይመስላል፤ በአንድ ጎኑ ክብ በክብ ውስጥ የሆኑ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። በስልክ ፎቶ አንሥተን ስንፈልግ ‹አርኪኦሳያተስ፣ የ500 ሚሊዮን ዓመት የባሕር ፍጥረት፣ የስፖንጅ ዘመድ› አለን። ልጆቹ በደስታ ሊያብዱ ነው። እውነት ነው? ታና ድሮ ባሕር ነበር ማለት ነው? ፍጥረቱስ እንስሳ ነው ተክል? አንድ ወላጅ ‹ዶላር ያወጣል› ስላሉ ልጅቷ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃዋለች። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ለልጅቷ ቀስ ብለው ይንገሯት እንጂ፣ ድንጋዩ አርኪኦሳያተስ አይደለም። ባዛልት ነው፤ ግንበኛው «ጥቁር ድንጋይ» የሚለው፣ የከተማችን ስንቱ አጥርና መሠረት የተሠራበት ያው የእሳተ ገሞራ አለት። ቀዳዳው የጋዝ አረፋ ነው። ነጩ ነጠብጣብ ደግሞ አረፋው ከደረቀ በኋላ ውስጡ ገብቶ የሞላ ማዕድን ነው። ግን የእኔን ቃል ብቻ ይዘው ክፍል እንዲገቡ አልፈልግም። ነገሩን ልጆቹ ራሳቸው በሎሚና በቢላዋ ሊያጣሩት ይችላሉ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስልኩ የጠራው ፍጥረት ምን እንደሆነ እንወቅ። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ጥንታዊ ጽዋ» እንደማለት ነው። ያወጣለት ኤልካና ቢሊንግስ የተባለ የካናዳ የቅሪተ አካል ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1861፣ ከላብራዶር ጠረፍ በመጣ ድንጋይ ላይ። እኔ ለተማሪ ሳስረዳ ግን «ጽዋ» ትቼ «ዋንጫ» እላለሁ፤ የድሮውን የቀንድ ዋንጫ፣ ከአፉ ሰፍቶ ወደ ታች የሚሾለውን። አንዱ ብቻ አይበቃም። ትንሹን ዋንጫ በትልቁ ውስጥ ያስገቡና በመካከላቸው ዙሪያውን ክፍተት ይተዉ። የሁለቱም ግድግዳ እንደ ወንፊት የተበሳ ይሁን። ክፍተቱን ከላይ እስከ ታች በሚወርዱ ስስ ጋራጆች (እንደ መጋረጃ ቦታ በሚከፍሉ ስስ ግድግዳዎች) ይከፋፍሉት፤ ጋራጆቹም የተበሱ ናቸው። የውስጠኛው ዋንጫ ባዶ ሆኖ አፉ ወደ ላይ ይከፈታል። ሹሉን ጫፍ ሥር በሚመስል መያዣ ከባሕር ወለል ጋር ያጣብቁት። አርኪኦሳያታ የሚባለው ቡድን በአጠቃላይ ይህን ይመስላል። አብዛኞቹ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ወርዳቸው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ቁመታቸውም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆኑ አንዲት ነገር ልጨምር። «አርኪኦሳያተስ» የአንድ ጂነስ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ትንሽ ወገን፣ ስም ነው። ሰፊው ቡድን፣ አርኪኦሳያታ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂነሶች አሉት። በብዙዎቹ ጋራጆቹ ቀጥ ብለው ከመሐል ወደ ዳር ይዘረጋሉ፤ አግድም ሲቆረጡ የጋሪ ጎማ ይመስላሉ። በራሱ በአርኪኦሳያተስ ግን ጋራጆቹ ይጠማዘዛሉ፣ ይገናኛሉ፣ እንደገና ይለያያሉ። ስለዚህ ሰው «የጎማ ቅርጽ አላየሁም» ብሎ እውነተኛውን ሊጥለው፣ «ክብ በክብ አየሁ» ብሎ ደግሞ ሐሰተኛውን ሊያነሣው ይችላል። የእርስዎ ስልክ ሁለተኛውን አደረገ።

እንስሳ ነው ተክል ላሉት፣ ሳይንቲስቶቹም ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ተማሪዎችዎ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። አንዱ ኮራል ነው ይላል፣ ሌላው አልጌ፣ ሌላው ደግሞ ራሱን የቻለ ፋይለም (ትልቅ የፍጥረት ምድብ)። ስፖንጅ ነው ያሉም ነበሩ። እነዚህን ያስቸገራቸው የስፖንጅ መለያ የሆኑት ጥቃቅን መርፌ መሰል አጥንቶች በአርኪኦሳያታ ውስጥ ጨርሶ አለመገኘታቸው ነው፤ አካሉ የታነጸው የኖራ ድንጋይ ከሚሠራበት ማዕድን፣ ከካልሳይት፣ ብቻ ነው። መርፌ የሌለው ስፖንጅ ምን ስፖንጅ ነው?

መልሱ ከሙዚየም መደርደሪያ አልመጣም፤ ከጠላቂ ዋናተኞች መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሃርትማንና ጎሮ የተባሉ ተመራማሪዎች በጃማይካ ሪፎች (የባሕር ፍጥረታት ከባሕር ወለል ላይ የገነቧቸው አለት መሰል ክምሮች) ጨለማ ጉድጓዶች ውስጥ የሚኖሩ፣ ጠንካራ የካልሲየም ካርቦኔት መሠረት የሚገነቡ ስፖንጆችን በዝርዝር ገለጹ። በዚያው አሥርት ዓመት ዛሬ ቫሴሌቲያ የሚባለው በሕይወት ያለ ስፖንጅ ታወቀ፤ ጠንካራ አካል አለው፣ መርፌ ግን የለውም። ባለሙያዎቹ ጠፍተዋል ያሏቸው የስፖንጅ ዓይነቶች ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ተገኙ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «መርፌ የለውምና ስፖንጅ አይደለም» የሚለው ክርክር እግሩ ተሰበረ። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ አርኪኦሳያታን ከስፖንጆች ውስጥ ይመድባቸዋል። እንስሳ ናቸው ማለት ነው።

አኗኗራቸውንም ባጭሩ። ስፖንጅ ውኃ እያጣራ ይበላል። በአርኪኦሳያታ ውኃው በውጪው ግድግዳ ቀዳዳዎች ይገባል፣ በክፍተቱ ያልፋል፣ ወደ ውስጠኛው ባዶ ቦታ ይሰበሰብና በአፉ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ጎጆ ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በጣሪያው ላይ ነፋስ ሲያልፍ ጭሱ ከውስጥ ተስቦ ይወጣል። ሳቫሬዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ሥራ የእነዚህን ፍጥረታት አምሳያ ሠርቶ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ሲያቆማቸው ውኃው በእርግጥ በዚሁ መንገድ ተስቦ ወጣ፤ ጋራጅ ያለው አምሳያ ደግሞ ጋራጅ ከሌለው ይልቅ ውኃው በጎን ሾልኮ እንዳያመልጥ አድርጓል። ጋራጁ ለጌጥ አልነበረም።

ዘመናቸው ካምብሪያን ነው። ከ525 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ የሳይቤሪያ ወንዞች አልዳንና ሌና በሚያቋርጡት አለት ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ በአጭር ጊዜ ሞሮኮ፣ ስፔን፣ ቻይና፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ሰሜን አሜሪካና አንታርክቲካ ድረስ ተዳረሱ። ከረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ሆነው የእንስሳት እጅ ካለባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሪፎች አንዳንዶቹን ገነቡ። ግን አልቆዩም፤ ከ510 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥቂት ርዝራዦች ሲቀሩ አለቁ። በዚያው ሰሞን በሰሜን አውስትራሊያ እጅግ ሰፊ የባዛልት ጎርፍ ፈስሷል፤ ከመጥፋታቸው ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ልጅቷ የያዘችው ድንጋይ ከፍጥረቱ ይልቅ በገዳይነት ከሚጠረጠረው ወገን መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አሁን ወደ ቀዳዳው። እንጀራ ምጣድ ላይ ሲሰፋ ከሊጡ ጋዝ ይወጣል፤ የወጣበት ሁሉ ዓይን ይሆናል። ዓይኑ ትልቅም ትንሽም ነው፣ አንዱ ከአንዱ ይዋሃዳል፣ የሚታየውም ከላይ እንጂ ከሥር አይደለም። ባዛልትም እንደዚሁ ነው። ቅልጥ አለቱ ከምድር ሲወጣ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ አረፋ ይሠራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አለቱ ሲጠነክር አረፋው እንደታሰረ ይቀራል። ለዚህ ነው የአንድ የላቫ ንጣፍ ላይኛው ክፍል ቀዳዳ የሚበዛበት፣ መሐሉ ግን ጥጥር ያለው። ላቫው እየፈሰሰ ከነበረ አረፋዎቹ ወደ ፈሰሰበት አቅጣጫ ይለጠጣሉ፤ በሁለተኛው ፎቶ ላይ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉት በዚህ ነው።

ከእንጀራው ጎን ደንገል ያስቀምጡልኝ። ከታንኳ ሠሪዎቹ አንድ ዘንግ ለምነው በስለት አግድም ይቁረጡት። ውስጡ ነጭና ቀላል ነው፤ በማጉያ መነጽር ቢያዩት የአየር መንገዶች መረብ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። እዚህ ቀዳዳዎቹ መጠናቸው ይቀራረባል፣ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ውፍረቱ አይዘበራረቅም፣ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ሥርዓት ይከተላሉ፤ ዘንጉን ሌላ ቦታ ቢቆርጡት ያንኑ ያገኛሉ። ሕይወት የሠራው ቀዳዳ እንዲህ ነው። አርኪኦሳያታ የደንገል ወገን ነው። የእናንተ ድንጋይ የእንጀራ ወገን ነው።

«ክብ በክብ ውስጥ» ያሉትም መነሻ አለው። አለቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ በስንጥቁ እየገባ የሟሟ ማዕድን ያመጣል። መጀመሪያ የአረፋውን ግድግዳ በአንድ ዓይነት ማዕድን ይለብጠዋል፣ ብዙውን ጊዜ ዚዮላይት በሚባለው፤ ቀጥሎ መሐሉን በሌላ ይሞላዋል፣ ለምሳሌ በካልሳይት። ሲሰበር ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። በቀለበቶቹ መካከል ግን ጋራጅም ወንፊትም የለም። የዋንጫው ቅርጽ ደግሞ ማዕበሉና አሸዋው የሠሩት ነው፤ በታና ዳር እየተንከባለለ ያልተሳለ ድንጋይ የት አለ?

እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። ተማሪ ሳለሁ ከመስክ መልስ አንድ ጥቁር ድንጋይ በሹራብ ጠቅልዬ አምጥቼ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ቀጫጭን ቱቦዎቹን እያሳየሁ «ኮራል አገኘሁ» ብዬ ጓደኞቼን ምሳ ጋብዣለሁ። መምህራችን ሽቅብ ገልብጦ አየውና ሳይስቅ «ይህ የላቫው ሆድ ነው» አለኝ። ላቫ እርጥብ መሬት ላይ ሲፈስ ከሥሩ የሚነሣው እንፋሎት ቱቦ መሰል ቀዳዳ ይሠራል። ምሳው አልተመለሰልኝም።

ለክፍሉ ሦስት ነገር ይሞክሩ። የመጀመሪያው ቢላዋ ነው። አርኪኦሳያታ የሚገኙት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ ብረት ይጭራቸዋል። ጥቁሩን የድንጋዩን አካል በቢላዋ ጫፍ ጫን ብለው ይፋቁት፤ ጤነኛ ባዛልት ከሆነ ቢላዋው ራሱ የብረት ምልክት ትቶ ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም።

ሁለተኛው ሎሚ ነው፣ እዚህ ግን ይጠንቀቁ። የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይፈላል፤ ሎሚ ደካማ አሲድ ስለሆነ ቦታውን ትንሽ ፍቀው ዱቄቱ ላይ ቢጨምቁት ይሻላል። የእናንተን ድንጋይ ነጩ ነጠብጣብ ላይ ብትጨምቁ ካልሳይት ከሆነ ይፈላል! ልጆቹም «ያው ኖራ ነው፣ መምህር ተሳስተዋል» ይላሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ ያሳዩዋቸው፤ ነጩ ቢፈላና ጥቁሩ ዝም ቢል፣ ድንጋዩ ባዛልት፣ የገባበት ደግሞ ካልሳይት ነው። ነጩም ዝም ካለ ዚዮላይት ወይም ሲሊካ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ ከሆነ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይህ ጠብታ ይበልጣል።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው። ከተማ ውስጥ እብነ በረድ የሚቆርጡ ልጆች በውኃ መጋዛቸው አንድ ፊት ቢያወጡላችሁ፣ ገጹን አርጥባችሁ በማጉያ ተመልከቱት። ሁለት ግድግዳ፣ በመካከላቸው ጋራጅ፣ በሁሉም ላይ ተራ የገባ ብሳት፤ እነዚህ አንድ ላይ ካልታዩ ስሙን አይጥሩት። ስልኩ ቅርጽና ቀለም ያያል እንጂ ድንጋይ አይፍቅም፣ ሎሚም አይጨምቅም።

ታና ባሕር ነበር ወይ ላሉት። በኛ ቋንቋ ሐይቁም ባሕር ነው፤ ከተማዋ «ባሕር ዳር» የተባለችው በዚሁ ነው። የጨው ባሕር ማለትዎ ከሆነ ግን ሐይቁ ራሱ ባሕር ሆኖ አያውቅም። በታና ዙሪያ የምናየው ትልቁ የባዛልት ክምር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው፤ በደቡብ በኩል፣ ወደ ባሕር ዳርና ጭስ ዓባይ፣ ከዚያ በጣም የሚያንስ ዕድሜ ያለው ላቫ ተደርቦበታል፤ የሐይቁን መውጫ ገድቦ ውኃው እንዲተኛ ያገዘውም ይኸው ወጣት ላቫ ነው። ከአሮጌው እንኳ ብንነሣ፣ አርኪኦሳያታ ካለቁ 480 ሚሊዮን ዓመት አልፎ ነው አለቱ የተወለደው። ያውም ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ።

ሐይቁ ደግሞ ከምናስበው በላይ ስስ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ ወደ 14 ሜትር ነው። ከ15 ሺህ ዓመት በላይ በፊት በነበረ ድርቅ ጨርሶ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የተወሰደ ጭቃ ያሳያል። ደቅ ደሴት ደሴት ያልነበረችበት፣ ከዘጌ ጎርጎራ በእግር የሚኬድበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

እውነተኛ የባሕር ቅሪት የሚፈልጉ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱበት ጊዜ ደጀንን አልፈው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መስኮት ጋ ይቀመጡ። ከላይ ጥቁሩን ባዛልት ትተው ሲወርዱ ገደሉ ወደ ነጣ ያለ ንጣፍ ይለወጣል፤ ያ አንታሎ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ጁራሲክ ከምሥራቅ የመጣ ባሕር የተወው ሲሆን ዛጎልና ሌላ የባሕር እንስሳ ቅሪት አለበት። እሱም ቢሆን ለአርኪኦሳያታ ዘግይቷል። በካምብሪያን የኛ ምድር የጎንድዋና አህጉር አካል ሆኖ፣ አዲስ የተነሡ ተራሮች የሚሸረሸሩበት የብስ ነበር፤ ሪፍ የሚቆምበት ሞቃት ጥልቅ ያልሆነ ባሕር አልነበረበትም። በሐይቁ ሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ ጭልጋ አለ፤ እዚያ በባዛልቱ መካከል በተኛ ደለል ውስጥ የ27 ሚሊዮን ዓመት የጥንት ዝሆኖችና አርሲኖይቴሪየም የተባለው ባለ ሁለት ትልልቅ ቀንድ እንስሳ አጥንት ተገኝቷል። አንዱ ጥንታዊ የዝሆን ዘመድ ቺልጋቴሪየም የተባለው በቦታው ስም ነው። ልጆቹ በአገራቸው መኩራት ካማራቸው እዚያ ይኩሩ።

የዶላሩን ነገር በአንድ አፍ ልዝጋው። ይህ ድንጋይ ዋጋ የለውም። ቅሪተ አካል ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚሸጥ አልነበረም፤ የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ለቅርስ መሥሪያ ቤት መንገር ነው። ከቦታው የተነሣ ቅሪት ግማሽ ታሪኩን እዚያው ጥሎ ይመጣል።

ልጅቷን ግን ባዶ እጇን አይመልሷት። ስፖንጅ ፍለጋ ከሆነ የወጣችው፣ ታና የራሱ ስፖንጅ አለው፤ በሕይወት ያለ። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ከዚሁ ሐይቅ አዲስ ጂነስ ገልጸው ማኬዲያ ታነንሲስ ብለውታል። ስሙ ንግሥት ማክዳን አያስታውስዎትም? ሁለተኛው ቃል «የታና» ማለት ነው። ይህ ዋንጫ አይሠራም። የጣፋጭ ውኃ ስፖንጆች ልማድ ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ መኖር ነው፤ አጥንቱም ከሲሊካ የሆነ መርፌ ነው፣ ያ አርኪኦሳያታ የጎደላቸው መርፌ። ከድንጋዩ ላይ ምስር የምታህል የስፖንጅ ቅንጣት ወስደው በረኪና ውስጥ ቢያሳድሩት ሥጋው ይሟሟና መርፌዎቹ ይቀራሉ፤ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ያሳያቸዋል። ያገኙት ማኬዲያ ይሁን ሌላ የስፖንጅ ዓይነት ለመለየት ግን መርፌዎቹን ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።

ስትሄዱ ልጆቹ ቦቲ ጫማ ያድርጉ፤ የሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለበትና በባዶ እግር አይግቡ፣ ድንጋዩንም ጓንት ያደረገ ትልቅ ሰው ያንሣላቸው። ከውኃው በታች ያለውን እንጂ ማዕበል ያወጣውን አትፈልጉ፤ በተለይ ጥላ የሚያርፍበትን የሆዱን በኩል እዩ። አይታችሁ ስትጨርሱም በነበረበት ፊቱ መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ላይ ከተገለበጠ ስፖንጁ አይቆይም።